በመድኃኒት የታሸ ዘር ከማዕድ እንዳይደርስ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦችና ወፍጮ ቤቶች የአሠራር መመሪያ

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳርቻ አካባቢዎች ስንዴ የሚዘራው በአብዛኛው ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሐምሌ ነው። ይህ ወቅት ያለፈው ዓመት ምርት ተሟጦ ጎተራው የሚጎድልበትና የእህል ዋጋ የሚወደድበት ወቅት ስለሆነ፣ ምርጥ ዘር የያዘው ጆንያ ወደ ቤት የሚገባው ቤቱ የሚበላ እህል አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ዘር የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም። ልጆቹ ሲርባቸው፣ ፍሬው የሞላ ንጹሕ ስንዴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለሚያይ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል መጋገሩ አይቀርም፤ ከዘር የተረፈው ስንዴም ያን ጊዜ ገና ከቤት አልወጣም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሳምንታት ነው። ዘሩ ፈንገስና ነፍሳት እንዳያበላሹት በመርዛማ መድኃኒት የታሸና ብዙውን ጊዜ በቀለም የተለየ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዝ የሚገባው ነገር ውኃ ቀለሙን ያስለቅቃል እንጂ መርዙን ለማስወገድ ዋስትና የማይሰጥ መሆኑ ነው። ዘሩን ማጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ መቁላት፣ መቀቀልም ሆነ መጋገር ለምግብነት አያበቃውም። ስለዚህ ጥበቃው መደረግ ያለበት እህሉ ድስት ወይም ምጣድ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ጆንያው ዘንድና ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ነው።

ይህ ትምህርት እጅግ ውድ ዋጋ ተከፍሎበታል። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971/72) ወደ ኢራቅ ከ90,000 ቶን በላይ ዘር ስንዴና ገብስ ገብቶ ለገበሬዎች ተከፋፈለ፤ ስንዴው በአብዛኛው ከሜክሲኮ የመጣ ነበር። ዘሩ ሜቲል ሜርኩሪ በተባለ ፀረ ፈንገስ የታሸና በቀይ ቀለም የተለየ ሲሆን፣ በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ግን የተጻፈው ገበሬው በማያነባቸው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር። ለብዙዎቹ የደረሳቸው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ስንዴው በእጃቸው ቀረ። አንዳንዶቹ ለጥቂት ቀናት ለዶሮና ለከብት አበሉትና ምንም እንዳልሆኑ አዩ። ሌሎቹ አጥበው ቀይ ውኃውን ከደፉ በኋላ መርዙ የሄደ መሰላቸው። ዳቦውን ጋግረው ሲበሉ ለሳምንታት ምንም አልተሰማቸውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣቶቻቸውና ከንፈሮቻቸው መደንዘዝ፣ እግራቸው መንገዳገድ፣ እይታቸው መጥበብ፣ ጆሮአቸው መድከም ጀመረ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሕሙማን መካከል 459ኙ እዚያው ሞቱ። ዳቦውን በእርግዝናቸው ጊዜ ከበሉ እናቶች፣ እነርሱ ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ፣ አእምሮአቸው የተጎዳ ልጆች ተወለዱ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት፣ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ሄክሳክሎሮቤንዚን በተባለ መድኃኒት የታሸ ዘር ስንዴ የበሉ ከ3,000 በላይ ሰዎች በከባድ የቆዳና የጉበት ሕመም ተይዘዋል፤ የእናቶቻቸውን ጡት የጠቡ ብዙ ሕፃናትም ሞተዋል። እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ዛሬ ከዘር ሥራ ወጥተዋል። አሁን በብዛት የሚሠራባቸው እንደ ታይራም፣ ሜታላክሲል፣ ኢሚዳክሎፕሪድና ታያሜቶክሳም ያሉት ናቸው። እንደ ሜርኩሪው አይሁኑ እንጂ፣ የተሠሩት ፈንገስንና ነፍሳትን ለመግደል ነውና ለሰው ሆድ የሚሆኑ አይደሉም።

ደረጃ አንድ፦ የሚዘራውን ያህል ብቻ መግዛት

ትርፍ ዘር ከሌለ የሚበላ ዘር አይኖርም። በብተና ለሚዘራ ስንዴ ለአንድ ሄክታር ከ125 እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚበቃ ከሆነ፣ ለሩብ ሄክታር የሚያስፈልገው ከ31 እስከ 38 ኪሎ ብቻ ነው። ሙሉ ኩንታል የወሰደ አባወራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይተርፈዋል። ስለዚህ መሬትዎ ትንሽ ከሆነ አንዱን ጆንያ ከጎረቤት ጋር ተካፍለው ይውሰዱ፤ ሲካፈሉም መለያ ወረቀቱ ከአንደኛው ጋር እንዳይቀር የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ገልብጠው በሁለቱም ጆንያ ውስጥ ይክተቱ። ከመረከብዎ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጽሑፉን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ የማያሳፍር መብት ነው፤ የኢራቅ ገበሬዎች የሚያነብላቸው ቢያገኙ ኖሮ ብዙዎቹ በሕይወት በተረፉ ነበር።

መድኃኒቱን ገዝተው ዘሩን ራሳቸው የሚያሹ ሰዎች የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ሊጥ በሚቦካበት ሳፋ፣ እህል በሚሰጣበት ምንጣፍ ወይም በባዶ እጅ አይሹ። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው፣ ጓንት አድርገውና አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ አካፋ ያገላብጡ። አንዳንዱ ዱቄት መድኃኒት ቀለሙ ደብዛዛ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘሩን ከሚበላ ስንዴ መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የታሸ ዘር ያለ ምልክት ለአንድ ሌሊትም ቢሆን መቀመጥ የለበትም።

ደረጃ ሁለት፦ ቤት ውስጥ መለየት

ዘሩ የሚበላ እህል ካለበት ክፍል ውጭ፣ በቁልፍ በሚዘጋ ቦታ ወይም ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ሌላ ክፍል የሌለው ቤት ጆንያውን ከጣራው ማገር ላይ ሊያንጠለጥለው ይችላል። የጆንያውን አፍ በቀይ ጨርቅ ይሰሩት፤ ማንበብ ለማይችሉ የቤተሰቡ አባላትም፣ በተለይም ለአያቶች፣ ለቤት ሠራተኛና ለእረኛ ልጆች፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እህል ለቆሎም ለንፍሮም እንደማይነካ በቃል ይንገሩ። አባወራው ብቻ የሚያውቀው ዘር ቤቱን አይጠብቅም። እህል የምትቀንሰው፣ የምትለቅመውና ወደ ወፍጮ የምትልከው አብዛኛውን ጊዜ እማወራዋ ናትና ዘሩ ሲገባ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባት እርሷ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት የገባበት የጎተራ እህል ከታሸ ዘር የተለየ ነው። በጎተራ የሚቀመጠው እንክብል፣ ማለትም አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ ጋዝ ሆኖ የሚሠራ በመሆኑ፣ በመለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ከተጠበቀ፣ እህሉ በሚገባ ከተናፈሰና የእንክብሉ ግራጫ አመድ ሙሉ በሙሉ ከተለየ በኋላ እህሉ ለምግብ ይውላል። ዘር የታሸበት መድኃኒት ግን በፍሬው ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በማናፈስ አይለቅም። «ባለፈው ዓመትም መድኃኒት የነካውን በልተን ምንም አልሆንም» የሚለው አነጋገር የሚመጣው ሁለቱን አንድ ከማድረግ ነው። ጋዙ ራሱ ለሰው ገዳይ ስለሆነ ግን ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያለ እህል ላይ እንክብል በፍጹም አይቀመጥ።

ደረጃ ሦስት፦ ከገበያ የተገዛን እህል መመርመር

ያልዘራው ሰውም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደለም። ከዘር የተረፈ ስንዴ ወይም በቆሎ በርካሽ ተሽጦ ከሌላ እህል ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሸማችም ቢሆን ይህን ምርመራ ቢያደርግ መልካም ነው።

ጥቂት እፍኝ እህል በቀን ብርሃን ነጭ ጨርቅ ላይ ይበትኑ። በሰፌድ ላይ አይመርምሩ፤ ሰፌዱ በቀይና በሐምራዊ አክርማ የተሰፋ ከሆነ ደብዛዛ ሮዝ ፍሬ ከስፌቱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ያመልጣል፤ በአምፖል ብርሃንም እንደዚሁ። ከዚያም የስንዴውን ፍሬ ገልብጠው በሆዱ በኩል ያለውን ስንጥቅ ይመልከቱ። ታጥቦ የተሸጠ ዘር ጀርባው ነጽቶ የተለመደውን ስንዴ ቢመስልም፣ በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ቀይ ወይም ሮዝ መስመር ሆኖ ቀለሙ ሊቀር ይችላል። በመቀጠል ጥቂት ፍሬዎችን በረጠበ ነጭ ጥጥ አጥብቀው ያሹ። ጥጡ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እህሉ ዘር ነው። የቤተ ሙከራ ምርመራ ባለመሆኑ ጥጡ ነጭ መቅረቱ ብቻውን ንጽሕናን አያረጋግጥም፤ የመድኃኒት ሽታ፣ ያልተለመደ ዱቄት ወይም ከመጠን ያለፈ ርካሽ ዋጋ ካለበት አይግዙ።

በእህሉ ውስጥ ጥቂት ባለ ቀለም ፍሬዎች ብቻ ቢያገኙ፣ እነርሱን ለቅሞ ቀሪውን መብላት አይገባም። ጆንያው ሲጫን፣ ሲወርድና ሲናጥ መድኃኒቱ ረግፎ ከሌላው ፍሬ ላይ ያርፋልና ሙሉው እህል እንደ ዘር ይቆጠር። ለዶሮ መበተንም መፍትሔ አይደለም፤ ታይራም የዶሮን እግር ያሽመደምዳል፣ የእንቁላሉንም ቅርፊት ያሳሳል። ለወተት ላምም አይሰጥ። እህሉን ሳያጎድሉ ለወረዳው ግብርና ወይም ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ለሻጩ ዝም ብሎ መመለስ ለሌላ ቤት መላክ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ አራት፦ ወፍጮ ቤት

የወፍጮ ቤት ባለቤቶች የሰፈሩ የመጨረሻ በር ጠባቂዎች ናቸው። በዘር ወቅት ማንኛውም ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ወደ ወፍጮው አፍ ከመፍሰሱ በፊት ጆንያው ተፈትቶ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር በእፍኝ ይታይ። ከላይ ያለው ንጹሕ ሆኖ ከሥር ያለው ዘር የሚሆንበት ጊዜ አለና ከላይ ብቻ ማየት አይበቃም። እህሉን ይዘው የመጡትን ሰው በሰው ፊት ማሳፈር አያስፈልግም፤ «እትዬ፣ ይህ ስንዴ ዘር ይመስላል፤ እስቲ ወደ ብርሃን ወጣ አድርገን አብረን እንየው» ብሎ ለብቻ ማናገር ይሻላል፤ የተዋረደ ሰው እህሉን ይዞ ወደማይጠይቀው ወፍጮ ቤት ይሄዳልና።

ዘሩ ሳይታወቅ ከተፈጨ ወፍጮው ወዲያውኑ ይቁም። በድንጋዮቹ መካከልና በዱቄት መውረጃው የቀረው ዱቄት ለቀጣዩ ደንበኛ ስለሚደርስ፣ ጠራጊው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ያጽዳው፤ ከዚያም ጥቂት ርካሽ እህል ፈጭተው ያንን ዱቄት ከተጠረገው ጋር አንድ ላይ አሽገው ለማስወገድ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ያስፈጩ ሰዎች ቤት ድረስ ሰው ተልኮ ዱቄታቸውን እንዳይጠቀሙ ይነገራቸው። የአንድ ቤት ስሕተት የብዙ ቤት መመረዝ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ቦታ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ገቢ እንዳይቀር ተብሎ ይህ ሥራ መታለፍ የለበትም።

ደረጃ አምስት፦ የተረፈው ዘርና ባዶው ዕቃ

የተረፈው ዘር በቅድሚያ ለመሬቱ ይዋል፤ ማሳ ላላቸው ጎረቤቶች ይሰጥ ወይም በቀይ ጨርቅ ታስሮ ለመጪው ወቅት ይቀመጥ። የማይበቅል ከሆነ ለሸጠው ማኅበር ወይም ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ይመለስ። ምድጃ ውስጥ አይነድ፣ ምንጭ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አይቀበር፣ ወደ አቃቂም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ አይጣል። በማሳ ዳር የፈሰሰውንም አፈር ያልብሱት፤ ወፎችና የሰፈር ዶሮዎች ቀድመው ያገኙታልና።

ባዶው ጆንያ ታጥቦ እህል ሊያዝበት አይገባም። ገበያ የወጣ ጆንያ ታሪኩን ስለማይናገር፣ በቢላ ተቆራርጦ ሌላ ሰው የማይጠቀምበት ይሁን። የመድኃኒቱ ጠርሙስና ጀሪካንም ተበስቶ ይወገድ። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) በሕንድ ቢሃር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት የሞቱት፣ ሞኖክሮቶፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ከምግብ ዘይቱ ጋር በመቀላቀሉ ነው፤ ዘይቱ የነበረበት ዕቃ ቀደም ሲል መድኃኒት የተያዘበት እንደነበር ተነግሯል።

ደረጃ ስድስት፦ ከተበላ በኋላ

ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ከአንድ ማዕድ የበሉ ሁሉ፣ ደኅና ነን የሚሉትም ጭምር፣ መብላታቸውን አቁመው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ መኪና የማይደርስበት ሰፈር ከሆነ በባጃጅም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ዋናው መንገድ ያውጡ።

እንዲያስመልሰው ጣት አይክተቱበት። ወተት፣ ዘይት፣ ፌጦ፣ ሎሚ ወይም ጥሬ እንቁላል አያጠጡ፤ መርዙን አያረክሱም፣ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ከሁሉ ይልቅ አረቄና ጠላ ይከልከሉ፤ ታይራም በሰውነቱ ውስጥ ያለ ሰው ከቀናት በኋላም ቢሆን መጠጥ ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ራሱን የሳተውን በግራ ጎኑ ያስተኙ። ልብሱ ወይም ቆዳው ላይ መድኃኒት ካለ ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡ፤ የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ጓንት ካልተገኘ እጁን በፌስታል ይሸፍን።

ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥና መፍዘዝ ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ሊመጡ ይችላሉ። ምራቅ ሲዝረበረብ፣ ላብና እንባ ሲበዛ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ሲጠብና መተንፈስ ሲያቅት ግን ኦርጋኖፎስፌት የተባለው የፀረ ነፍሳት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው፤ ለዚህ ሐኪሙ የሚሰጠው አትሮፒን አለና።

ሐኪሙ በፍጥነት እንዲረዳ የሚያስፈልገው የመድኃኒቱ ስም ነው። መለያ ወረቀቱን ወይም ፎቶውን ይውሰዱ፤ ወረቀቱ ከጠፋ ጥቂት ያልተፈጨ እህል በፌስታል አሽገው ይያዙ። በሐሰት «ሽሮ ነው የበላነው» ማለት ሕይወት ያስከፍላል፤ ዘር መብላት ወንጀል ተደርጎ እንዳይታሰብ ጤና ባለሙያዎችም በሽተኛውን ሳይወቅሱ ይጠይቁት።

ደረጃ ሰባት፦ ብዙ ሰው ሲታመም

ከአንድ ቤት በላይ ከታመመ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ይነገር፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመርም 8335 ነው። ማን ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላና የመጀመሪያው ምልክት መቼ እንደታየ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ከእህሉ፣ ከዱቄቱና ከተጋገረው ለየብቻ በንጹሕ ፌስታል ናሙና ይቀመጥ፤ ቀሪው ግን ባለሙያ እስኪመጣ ተዘግቶበት ይቆይ እንጂ አይደፋ።

ከዱቄቱ የተሠራውን ሁሉ ሲፈልጉ እንጀራውንና ዳቦውን ብቻ አይፈልጉ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ ለጠላ የተዘጋጀ ብቅልና አሻሮ አለ። በቀላሉ የሚረሳው እርሾው ነው፤ ከተመረዘ ሊጥ የተቀነሰ እርሾ ቀጣዩን ንጹሕ ቡሖ ይነካዋል፣ ጎረቤትም ተውሶት ሊሆን ይችላል። እርሾው ይደፋ፣ ቡሃቃው ተፈግፍጎ በሳሙና ይታጠብ፣ ከጎረቤት የተዋሰም ካለ ይነገረው።

ደረጃ ስምንት፦ በቀጣዮቹ ሳምንታት

አንዳንድ መርዝ እንደ ኢራቁ ዘግይቶ ስለሚታይ፣ የበሉ ሁሉ ለሁለት ወራት ያህል ራሳቸውን ይከታተሉ። የጣትና የከንፈር መደንዘዝ፣ አረማመድ መሳት፣ የእይታ መጥበብ ወይም የአነጋገር መንተባተብ ከታየ፣ «ከዚያ ወዲህ ደኅና ነበርኩ» ሳይባል እንደገና ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ዘር መብላታቸውንም አዲስ ለሚያያቸው ሐኪም በመጀመሪያ ይናገሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በክትትል ቀጠሮዋ ሁሉ ይህ በካርዷ ላይ እንዲጻፍላት ትጠይቅ፤ ጡት ማጥባቷን ማቆም አለማቆሟንም የመድኃኒቱ ስም ከታወቀ በኋላ ሐኪሙ ይወስን። ዘሩን የበላች ላም ወተትና የዶሮዎቹ እንቁላል የእንስሳት ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ አይሸጥ፣ አይበላም፤ የሞተ ከብት ሥጋም ለውሻ አይጣል፣ በጥልቅ ይቀበር።